በጾም ድስት የገባ ቅቤ

ይህን የምጽፈው ብስጭቴ ሳይበርድ ነው። ሰው በቅቤ ምክንያት እንዲህ ይናደዳል ወይ የሚል ካለ፣ የገዛ እጁን ሰርቀው ሌላ ሰው አታልለውበት አያውቁም ማለት ነው።

የምኖረው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። እንጀራዬ ፓስትሪ ነው። ኪሊማኒ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ በከፈተው ኬክ ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሰውዬው ክፉ ነበር፤ ሲናደድ ማንኪያ ይወረውራል። የፖም ኮምፖት አሠራር ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። ፖሙ ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ በወፍራሙ ይከተፋል። ጠብታ የምታህል ውሃ፣ ትንሽ ሎሚ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ቫኒላ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ በቀስታ እሳት መተው ነው። ስኳር መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ፖሙ ጎምዛዛ ከሆነ። በማሽን የፈጨው ሰው ወዮለት። በእንጨት ማንኪያ ብቻ ይደቆሳል፤ ጥርስ የሚያገኘው ነገር መቅረት አለበት። ለፓስትሪ ከሆነ ክዳኑ ተነሥቶ ውሃው እስኪደርቅ ይማሰላል፤ አለዚያ ሊጡ ከሥር ረጥቦ ጭቃ ይሆናል። በመጨረሻ፣ እሳቱ ሲጠፋ፣ ፈረንሳዊው ቁራጭ ቅቤ ይጥልበታል። ኮምፖቱ ያብረቀርቃል፤ አፍ ውስጥም ይለሰልሳል።

የራሴን ሥራ ስጀምር ጊጊሪ ለሚኖሩ ፈረንጅ ደንበኞቼ በቅቤ፣ ለእኛ ሰዎች በጾም ያለ ቅቤ መሥራት ያዝኩ። የጾሙ ድስት ለብቻው ነው፤ ማንኪያውም ለብቻው። ሊጡን በአትክልት ማርጋሪን ደጋግሜ አጥፌ እዳምጣለሁ፤ ኮምፖቱን መሐሉ አድርጌ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እዘጋበታለሁ፤ ላዩን በእንቁላል ፈንታ የስኳር ውሃ እቀባዋለሁ። ፈረንሳዊው ቢያየኝ ያበደች ሴት ነው የሚለኝ። ይበል።

እኔም ስለምጾም ስሠራ አልቀምስም። የእኛ ሰው ወጥ ሲሠራ በጾም ጨው የሚለካው በአፍንጫው ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ማንኪያ ወደ አፌ አላስጠጋም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳሸተው የዋልኩትን ፖም ማየት አልፈልግም፤ ሽሮዬን ነው የምፈልገው። ስዋሂሊውም ሰዓቱን እንደኛ ነው የሚቆጥረው፤ ሳአ ቲሳ ማለት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከናይሮቢ ጋር ካልተጣላሁባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኼ ነው። ባሌ አለመቅመሴን ያውቃል። የተጠቀመበትም ይህንኑ ነው።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ኤርትራዊት እናት ይኖራሉ። እኔ አደይ እላቸዋለሁ፤ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። የሚኖሩት ጊጊሪ ከሚሠራው ታላቁ ልጃቸው ጋር ነው። ታናሹ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አደይ የእሱ ወሬ እስኪሰማ ድረስ ሁዳዴን አንዲት ቀን ሳያጎድሉ ሊጾሙለት ተስለዋል። በዚህ ዓመት ግን ሰውነታቸው አለቀ። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ አልቆም አለ፤ አንዴም ደረጃ ላይ ራሳቸውን አዙሯቸው ተደግፈው ገቡ። ሐኪሙ ይብሉ አለ። የንስሐ አባታቸውም ለሕመምተኛ ይፈቀዳልና ይግደፉ አሏቸው። «ለኔስ ተፈቀደ፤ ለስለቴ ማን ይፈቅድለታል?» ብለው እምቢ አሉ።

ሌላው ምግብ አልወርድ ሲላቸው የኔ የፖም ፓስትሪ ወረደላቸው። ስለዚህ በየቀኑ በጾሙ ድስት ለእሳቸው ብቻ እሠራና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትኩሱን በሳህን ይዤ እወርዳለሁ። በሩን ይከፍቱና ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቁኛል።

«የጾም ነው አይደል ልጄ?»

«የጾም ነው አደይ፤ እመብርሃንን።»

ያማትቡና ይቆርሳሉ። በጾሙ አጋማሽ ላይ ምስጋናው በዛ። «ሰሞኑን እጅሽ ተባርኳል መሰለኝ፤ ፖምሽ ጣመኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ አይቆምም» አሉኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ደረጃውን ስወጣ ለራሴ ፈገግ እል ነበር፤ ሞኝ። ያን ፈገግታዬን ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ጠዋት ከትናንት የተረፈውን የጾም ኮምፖት ከፍሪጅ አወጣሁ። ላዩ ላይ ቢጫ ነገር እንደ ፍርፋሪ ሆኖ ረግቷል። ፖም አይረጋም። ፖም ይጠቁራል፣ ውሃ ያወጣል፤ እንደ ሥጋ መረቅ ላዩ ላይ ስብ አይሠራም። በጣቶቼ መሐል ፈተግኩት፤ ቀለጠ። አሸተትኩት። መቅመስ አላስፈለገኝም።

ባሌ ሳሎን ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ዕቃውን ከፊቱ አስቀመጥኩ።

«ይኼ ምንድነው?»

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ስልኩን ከእጁ ቀማሁት።

«ቅቤ ነው» አለ። «ልጃቸው ለምኖኝ ነው። ሴትዮዋ እኮ እያለቁ ነው። ላንቺ ብንነግርሽ እሺ አትይም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። አንቺ ጊጊሪ ልታደርሺ ስትወጪ፣ ድስቱ ሳይቀዘቅዝ ነው የማማስለው።»

የማማስለው አለኝ! እንቁላል ጥበስ ቢሉት ጨው የት ነው ብሎ የሚጠራኝ ሰው፣ በጾሙ ማንኪያ፣ በጾሙ ድስት፣ ከሥራ ቅቤዬ ቆርሶ ሲያማስልልኝ ከርሟል። እኔ ደግሞ ያን ይዤ እወርዳለሁ፤ በራሴ አፍ እመብርሃንን እጠራለሁ፤ እሳቸውም አምነውኝ ያማትባሉ። ጩኸቴ እስከ ግቢው በር ሳይሰማ አልቀረም። ይሰማ።

ባሌ ደውሎለት ኖሮ የአደይ ልጅ በምሳ ሰዓት ከሥራ እየበረረ መጣ። ክራቫቱን እንኳ አላላላም።

«እህቴ፣ ስሚኝማ። ዶክተሩ ካሎሪ ካላገኘች አድሚት ትደረግ ነው ያለኝ። ሆስፒታል አልገባም ትላለች። ሥጋ አትበላ፣ ወተት አትጠጣ። አንቺ የምትወስጂላት ብቻ ነው የሚገባላት። ምን ላድርግ? ቆሜ ልያት?»

«ስለታቸውስ?»

«የምን ስለት!» ድምፁ ተሰበረ። «ወንድሜ የለም። ልቤ ያውቀዋል፣ የለም። እሱን ቀብሬ፣ በሱ ምክንያት እሷንም ልቅበር?»

አሳዘነኝ። ማዘኔን አልደብቅም፤ ግን ሐዘኔ ንዴቴን ትንሽም አላበረደው። «ታዲያ እንደ ልጅ እግራቸው ሥር ተንበርከክ!» አልኩት። «አልቅስባቸው፣ ተጣላቸው፣ ሽማግሌ ላክባቸው። እናትህ ናቸው። በኔ ሳህን ምን አገባህ?»

ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው ይለማመጡኝ ጀመር። አትንገሪያቸው፤ ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርባቸውም፤ ኃጢአቱ የኛ ነው። ባሌ የኔ ነው ሲል፣ ልጁ አይ የኔ ነው ይላል፤ ሬስቶራንት ውስጥ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል እንደሚባባሉ ሰዎች። ኃጢአቱን ተሻምተው ሲጨርሱ የቀረው የሴትዮዋ ጾም ነው፤ እሱን የኔ ነው ያለ አልነበረም። ሁለት ወንዶች ቁጭ ብለው አንዲት እናት ለእግዚአብሔር የገባችውን ቃል በማንኪያ አማስለው ጨረሱት። እኔን ደግሞ ዝም በይ ይሉኛል።

ዝም ብል አደይ ይበላሉ፤ ምናልባትም ይድናሉ። ብናገር የሚበሉትን አንድ ነገር ከአፋቸው እነጥቃለሁ። ይህን አላጣሁትም። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ከፍተው የጾም ነው አይደል ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ቅቤውን ባስቀረውም ያው ነው፤ ያለፈውን ደብቄ እንደገና እመብርሃንን ልጠራ ነው?

ድስቱን በአመድና በሳሙና ፈተግኩ። አዲስ ፖም ቀቀልኩ፤ ከአጠገቡ ሳልነቃነቅ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳህኔን ይዤ ወረድኩ።

«የጾም ነው አይደል ልጄ?»

«የዛሬው የጾም ነው አደይ። የሰሞኑ ግን አልነበረም።»

እዚያው በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማን እንዳስገባው፣ ለምን እንዳስገባው፣ እንዴት እንዳወቅሁት። ልጃቸውን ይራገማሉ ብዬ ነበር፤ አልተራገሙም። የበሩን እጀታ እንደያዙ ሳህኑን አዩት።

«ጣመኝ ብዬሻለሁ እኮ» አሉ። «ታናሹ ልጄ የት ወድቆ እንዳለ ሳላውቅ፣ እኔ ጣመኝ እያልኩ።»

«አደይ፣ እርስዎ እኮ አላወቁም።»

«ምላሴ አውቋል።»

ሳህኑን አልተቀበሉኝም። በሩን በቀስታ ዘጉት፤ ቢያጋጩት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በማንም እጅ የተሠራ ነገር አልበላም አሉ፤ ልጃቸው የሚያፈላውን ሻይ እንኳ። እሱም ሊፍት ውስጥ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን ብቻ ተናገረኝ፤ «ገደልሽልኝ» አለ። እኔ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ በእጁ የነበረችውን አንዲት ጉርሻ ራሱ ጥሎ ገዳይዋ እኔ ሆንኩ። ባሌም ይቅርታ ሲለኝ «ለበጎ ብዬ ነው እኮ» ሳይል አይጨርስም። እንደዚያ ያለውን ይቅርታ እዚያው ይያዘው አልኩት። ድስቴንም ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልቆልፍበት ከቤት አልወጣም፤ በገዛ ቤቴ።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደይ ስልክ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ሳስቷል።

«ፖም አለሽ ልጄ?»

ልቤ ዘለለ። «አለኝ አደይ! ትንሽ ይጠብቁኝ፤ ሠርቼ ይዤ ልውረድ።»

«የለም፣ አትሥሪው። ከነልጣጩ አምጪልኝ።»

ይዤ ወረድኩ። ወጥ ቤታቸው ገብተው ራሳቸው አጠቡት፤ ቢላዋውንም ራሳቸው አጠቡ። ቁጭ ብለው መላጥ ጀመሩ። አቅም አንሷቸው ልጣጩ እየተበጠሰ ጭናቸው ላይ ይወድቃል። ልላጥልዎ ብዬ እጄን ስዘረጋ ቢላዋውን ወደ ራሳቸው ሸሸግ አደረጉት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣው እኔ ጋ ነው የቀረው፤ ሁሉም፤ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

አንድ ቁራጭ ለራሳቸው ቆረጡ፤ አማትበው በሉ። ሁለተኛውን ቆርጠው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«እንኪ፣ ብዪ» አሉኝ። «አይዞሽ፣ ምንም የለበትም።»