የኬንያው ቤቴና አራቱ ምስክሮች

በሁለት አገር ሕግ የሚጸና ኑዛዜ ያለው ሰው በጅማ ከተማ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እኔ ነኝ። ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ይህን ለጉራ አልልም፤ ጉራ ያልሠሩትን ማውራት ነው። እኔ ሠርቼዋለሁ፣ ያውም በገዛ እጄ ጽፌ።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። የቡና መፈልፈያ ሞተር ፈትቶ መግጠምን ያስተማረኝ ሞተሩ ራሱ ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ መፈልፈያ ወይም ወፍጮ ከቆመ ሌላው ሁሉ ሞክሮ ሲያቅተው የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ዓይኔ ደክሞ መፍቻ መጨበጥ ትቻለሁ፤ ጓደኞቼ ግን አሁንም ኢንጂነር ይሉኛል። ሲጀምሩት ለቀልድ ነበር። ቆይተው ቀልድ መሆኑን ረሱት፣ እኔም አላስታወስኳቸውም። ሕጉንም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። እዚሁ ጅማ መርካቶ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብም የእኔ ሥራ ነው፤ እስካሁን አንድ ሰው እንኳ ቀዳዳ አላገኘበትም።

አሁን ወደ ኬንያው ቤት ልምጣ።

በወጣትነቴ በጭነት መኪና ላይ መካኒክ ሆኜ ሞያሌ ወረድኩ። ሞያሌ ግማሿ የእኛ፣ ግማሿ የኬንያ የሆነች ከተማ ናት። መኪናችን እዚያ ተሰበረና ለሦስት ቀን ያልኩት ስድስት ዓመት ሆነ። ምክንያቱም በኬንያው ወገን አንድ ወፍጮ ቆሞ ነበር፤ መለዋወጫው ከናይሮቢ ካልመጣ አይነሳም ተብሎ ነበር። እኔ ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ሞርጄ አስነሳሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፉንዲ ይሉኝ ጀመር፤ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ባለወፍጮው ቦረና ከቤቱ አጠገብ ቦታ አሰጠኝ፣ ወረቀቱም በስሜ ወጣ፣ ቤቱንም ራሴ ሠራሁት። ወደ ጅማ ከመመለሴ በፊት ባለወፍጮው ሞተና ቁልፉን ለሚስቱ ሰጠኋት። እስከ ዛሬ እዚያው ትኖራለች፤ ደጃፉ ላይ ሻይ ትሸጣለች፣ ልጆቿንም እዚያው አሳድጋ ድራለች።

ጅማ ተመልሼ፣ “ኬንያ ቤት አለኝ” አልኩ። እውነት ነው። አንዱ፣ “ናይሮቢ?” አለኝ። ያን ጊዜ አፌ ውስጥ ሻይ ነበር። ሻዩን እስክውጥ ወሬው ሌላ ቦታ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቤቱ በራሱ ማደግ ጀመረ። አንደኛውን ፎቅ ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ሁለተኛውን የጨመረው ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። ምድር ቤቱን ለባንክ ያከራየውም እሱ ነው። እኔ አንድ ጡብ አልጨመርኩም። አላፈረስኩም እንጂ።

በዚህ ዓይነት ዓመታት አለፉ። በቅርቡ ከሞያሌ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። የባለወፍጮው ባልቴት ናት፣ በኦሮምኛ፦

“ፉንዲ፣ እዚህ ቦታ እየተመዘገበ ነው። የባሌ ታናሽ ወንድም በየሳምንቱ ይመጣል። ‘ባለቤቱ ባዕድ ነው፤ የሞተ ቀን ምን ወረቀት ታሳያለሽ? ያን ቀን ዕቃሽን አውጥተሽ ትወጫለሽ’ ይለኛል። አንተ አርጅተሃል፣ እኔም ወጣት አይደለሁም። ማሎ፣ እባክህ፣ የምታስበውን በወረቀት አድርግልኝ።”

ቤቱ ከእኔ በኋላ ለእሷ እንዲሆን ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ለልጆቼ የጅማው ቤት ይበቃቸዋል፣ እነሱም ተስማምተዋል። ማሰብ ግን ለሞተ ሰው አያገለግልም። ባልቴቷ እዚያው ሞያሌ ካለ አንድ ወጣት ጠበቃ ጋር በስልክ አገናኘችኝ። የተማረ ልጅ ነው፤ ያለውም ሁሉ ቀድሞ ከማውቀው ጋር ገጠመ። በምኖርበት አገር ሕግ የተደረገ ኑዛዜ እነሱም ጋ ይቀበሉታል። በገዛ እጄ ጽፌ ብቻዬን ብፈርም በእኛ ሕግ ይበቃል፤ ወንድምየው ግን፣ “ይህ የእሱ ጽሕፈት አይደለም” ብሎ እንደሚነሳ የታወቀ ነው። ስለዚህ አራት ምስክር ያስፈልጋል።

“ንብረቱን በትክክል ይግለጹት፣ አባቴ” አለኝ ልጁ። “ስንት ክፍል፣ ከምን እንደተሠራ፣ በአራቱም ማዕዘን ማን እንደሚያዋስነው። ግምት አይግባበት።”

ሕጉን ለማያውቅ ላስረዳ። በምስክር ፊት የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡና አራቱም ምስክሮች ባሉበት ድምፅ ተሰምቶ ይነበባል፤ መነበቡም እዚያው ላይ ይጻፋል። ይህ ከጎደለ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው። እንግዲህ ማን ፊት ላንብበው? ምስክር የሚሆኑኝ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ የሚቀመጡት አራት ጓደኞቼ ናቸው፤ ፎቁን የሠሩት እነሱ።

ዘዴ አላጣም። በአዲስ አበባ መንገድ አሰንዳቦ ከተማ ሄጄ የማያውቁኝን አራት ሰዎች ላስፈርም ብዬ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ገና ከመቀመጤ ባለቤቱ አተኩሮ አየኝ።

“ኢንጂነር አይደሉ እንዴ? የአባቴን መፈልፈያ የጠገኑት?”

“ነኝ” አልኩ። ምን ላድርግ፣ ነኝ።

ሻዩን ራሱ ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። “የናይሮቢው ሕንፃዎስ? ሦስተኛው ፎቅ አለቀ?”

ጅማ ላይ ሁለት የነበረው ፎቅ አሰንዳቦ እስኪደርስ ሦስት ሆኗል። እኔን የማያውቅ ሰው የምፈልግ ከሆነ ከዚህም ርቄ መሄድ እንዳለብኝ ገባኝ። ዝና እንዲህ ነው፤ ሲጠቅም ብቻ አይከተልም። ሻዬን ጠጥቼ በመጣሁበት ተመለስኩ።

ሚስቴ ከበሩ ላይ ፊቴን አይታ ነገሩን አወቀችው። ሞያሌ አንድ ጊዜ አብራኝ ሄዳለች፤ ቤቱን ታውቃለች፣ ወሬውንም ታውቃለች፣ ስትሰማ ኖራለች።

“አንተ ሰውዬ፣ እዚያች ሴትዮ ላይ ቤት የሚዘጋው የባሏ ወንድም ነው ወይስ የአንተ አፍ?”

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አራቱን ሰበሰብኳቸው። ሀጂ አለ፣ እዚሁ መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው፤ ጡረታ የወጣው መምህር አለ፤ ልብስ ሰፊው አለ፤ አናጢውም አለ፣ እሱ ብዙ አይናገርም። ኑዛዜውን በአማርኛ፣ ባማረ ጽሕፈት አዘጋጅቼዋለሁ፤ የእኔ ጽሕፈት የታወቀ ነው። ቤቱ ከተገለጸበት መስመር ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ፈጠን ልል አስቤ ነበር። ነገር ግን የጅማ ዝናብ ልክ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር።

“አልተሰማም” አለ መምህር። “አራታችንም መስማት አለብን። ድገመው።”

ጮክ ብዬ ደገምኩት። “በኬንያ አገር፣ ሞያሌ ከተማ የሚገኝ፣ ሁለት ክፍል፣ በጭቃ ተመርጎ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት፣ ከውጪ ካለው መጸዳጃ ጋር...”

ሀጂ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ይሄ የዘበኛው ቤት ነው። የዋናውን አንብብልን።”

“ዋናው ይሄ ነው፣ ሀጂ።”

“ፎቁስ?”

“ፎቅ የለም።”

“ሸጥከው?”

“አልነበረም።”

ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። “ባንኩስ? ባንኩ የተከራየው?”

“ባንኩን ያከራየኸው አንተ ነህ።”

ይስቁብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሀጂ ብዕሩን ወደ እኔ መልሶ ገፋው።

“ኢንጂነር፣ አንተን እወድሃለሁ። ነገር ግን ዋላሂ፣ ንብረት ለመደበቅ በተጻፈ ወረቀት ላይ አልፈርምም። መካ ደርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ነገ ልጆችህ፣ ‘አባታችን ፎቁን የት አደረሰው’ ብለው ቢይዙኝ ምን እላለሁ?”

“እኔም አልፈርምም” አለ መምህር። “ሐሰተኛ ምስክርነት ወንጀል ነው። ያስረዳኸንም አንተው ነህ።”

በዕድሜዬ ብዙ ተከራክሬ ብዙ አሸንፌአለሁ። ንብረቴ ትንሽ ነው ብዬ ስከራከር ግን ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ የሚያምነኝም አልተገኘም። የሠራሁት በገዛ እጄ ነው ስላቸው፣ “ታዲያ አንተ የሠራኸው ቤት ፎቅ ሊያንሰው ነው?” አሉኝ። ችሎታዬን ያውቁታል፣ ምን ይደረግ። ሚስቴ ከውስጥ ወጣች።

“እኔ ሄጃለሁ። የበሩ ጉበን ግንባሬን መትቶኛል። ፎቅ ያለው ቤት በሩ እንዲህ ያጥራል?”

“ሚስት የባሏን ምስጢር ትጠብቃለች” አለ ሀጂ በትሕትና። “የአንቺ አይቆጠርም፣ እህቴ።”

እነሱ ካልፈረሙ ሌላ አራት ሰው የለኝም፤ አሰንዳቦንም አይቼዋለሁ። ባልቴቷ ደግሞ የምትጠብቀው ይህንን ወረቀት ነው። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩላት፣ ድምፁንም ሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት። ለሀጂ ሰጠሁት፤ ኦሮምኛው ከአማርኛው ይጣፍጣል።

ሀጂ ከሰላምታው በኋላ እንደ ዳኛ ተስተካክሎ ተቀመጠ። “የምትኖሪበት ቤት ስንት ፎቅ ነው?”

“ፎቅ?” አለች። “ጣሪያው ላይ ፍየሏ ናት ያለችው። ከጓሮ ባለው ድንጋይ ተረማምዳ ትወጣለች፤ ኑና አውርዱልኝ።”

“ከናይሮቢስ ምን ያህል ይርቃል?”

“ናይሮቢን አላየሁትም። ኢትዮጵያ ግን ሻይ ጥጄ ሳይፈላ ደርሼ እመለሳለሁ።”

ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሀጂ ግን ገና አልጨረሰም። “ታዲያ ለምንድን ነው ላንቺ የሚሰጥሽ? ዘመዱ ነሽ?”

“አይደለሁም። ባሌ የሞተ ጊዜ ያው ወንድሙ ዕቃዬን አውጥቶ ደጅ ላይ አስቀመጠው። ፉንዲ ያን ዕለት የራሱን ዕቃ አወጣና የእኔን አስገባ። ቁልፉን ሰጠኝ። እሱ ወፍጮው ቤት ጆንያ ላይ ከርሞ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ሄደ። ቁልፉን መልሺ ብሎኝ አያውቅም።”

ይህን ለጓደኞቼ ነግሬአቸው አላውቅም። ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም፤ ምናልባት ከዚህ ይልቅ ፎቁ ያምራል ብዬ ይሆናል። አራቱም አዩኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁ።

“ብዕሩን አምጣው” አለ ሀጂ።

“ቆይ” አለ መምህር፣ “ከስልኩ በፊት የተነበበው ተቋርጧል። ከመጀመሪያው ይነበብና ከዚያ እንፈርማለን።” ልክ ነው። ሕጉን ከእኔ ተምሮታል። ዝናቡም አባርቶ ስለነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሙሉ ድምፅ አነበብኩት፣ ሁለት ክፍሉንም፣ ቆርቆሮውንም፣ መጸዳጃውንም። ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት ተነቧል የሚለውን ጻፍኩ። ቀኑን ጻፍኩ። አራቱም ፈረሙ፤ አናጢው ሲፈርም፣ “በሩን ግን አሳጥረኸዋል” አለ። የዚያን ቀን የተናገረው ይህችን ብቻ ነው።

“ሰዎች ስለ ባንኩ ቢጠይቁኝ ምን ልበል?” አለ ልብስ ሰፊው።

“ለቆ ወጣ በላቸው።”

ያን ጊዜ ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ ማቆም አቃታቸው። ሀጂ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ።

ወረቀቱን ወደ ሞያሌ ለሚወርድ ለማውቀው ሾፌር በእጁ ሰጠሁት። ጠበቃው ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመው፣ ከቦታው ወረቀት ጋር አያያዘው። አንድ ስህተት እንዳላገኘበት በስልክ ነገረኝ፤ የት ዩኒቨርሲቲ እንደተማርኩም ጠየቀኝ። ይህንን እንዲደግመው አድርጌ ሚስቴ እንድትሰማ ስልኩን ከፈትኩት። የባልቴቷ የባል ወንድም መጣ፣ ወረቀቱን አስነበበ፣ አራቱን ፊርማ አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ሻይ ጠጣና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ለሻይ ብቻ ነው የሚመጣው።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

“ፉንዲ፣ በሩን አስፍቼ ወደ መንገዱ ላዙረው ብዬ ነበር። ለሻዩ ይመቸኛል።”

“ገና አልሞትኩም እኮ።”

“እኔ መች ቸኮልኩ፤ ዕድሜ ይስጥህ። እዚህ ያለ አናጢ ግን ለነገ ተቀጥሯል።”

አዙሪው አልኳት። ጉበኑን ከፍ አድርጎ እንዲያቆመው ለሞያሌው አናጢ ራሴ በስልክ አስረዳሁት፤ ልኬቱንም ከዚሁ ከጅማ ሆኜ፣ ሳላይ፣ ነገርኩት። ልክ መጣ አለችኝ።