ላቀው የሚሳልበት ስክሪን ሲመርጥ

ባሌ ላቀው የገሳይ ልጅ ነው፤ ሥራው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል። ከገሳይ እስከ ጣራ ገዳም ባለው አገር የእሱ ጊዮርጊስ ዘንዶ ያልወጋበት ደብር ጥቂት ነው። እኔም ያገባሁት ሥዕሉን አይቼ እንጂ መልኩን አይቼ አይደለም። ይኼን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ እሱም "እኔም ያገባሁሽ ምላስሽን ሳልሰማ ነው" ብሎኛል።

ዓምና የመቅደስ ግድግዳ ሲስል የቆመበት ርብራብ ከዳውና ወደቀ። እግዜር ይመስገን ነፍሱ ተረፈች፤ የቀኝ ትከሻው ግን ከዳነም በኋላ እጁ ከደረቱ በላይ አልነሣም አለ። ግድግዳ የሚስል ሰው እጁን ካላነሣ ምን ሊሆን ነው? ቤት ተቀመጠ። ብናገረው ዝም፣ ብሰድበው ዝም። መልስ የሌለው ስድብ ደግሞ ምን ይጥማል?

ልጃችን ሕይወት አዲስ አበባ የልጆች መጽሐፍ ከሚያሳትም ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ደውላ "አባባ ጠረጴዛ ላይ እጁን አሳርፎ በኮምፒውተር ቢስል እኮ ሥራ ሞልቷል። ስክሪኑ ላይ በብዕር የሚሳልበት ዕቃ አለ፤ ከኮምፒውተር ጋር ይገጠማል። ራሱ ሞክሮ ይምረጥ" አለችን። እኔ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" አልኩ። ላቀው ግን ቀና አለ።

"እስቲ እንሞክረው ስርጉት። እጄ እዚያም እንቢ ካለ ቁርጤን ዐውቃለሁ።"

ቁርጤን አለ እኮ! ነጠላዬን ብድግ አድርጌ ተከተልኩት።

ከከተማችን አጅባር ሜዳ ወረድ ብሎ ካለ ኮምፒውተር ቤት ገባን። ሻጩ ደሳለኝ የወንዛዬ ልጅ ነው፤ አፉ የአገሩን ፍል ውኃ ያስንቃል። ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ብሎ ያስመጣቸው ሁለት ዕቃዎች ቀርተውታል፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ትንሽ።

"ሰፊውን ይውሰዱ አባባ፤ ለትልቅ ሰው ትልቅ ዕቃ ነው። ትንሹ የልጅ መጫወቻ ነው" አለ።

ላቀው ተቀምጦ ብዕሩን ተቀበለና ጎንበስ ብሎ ጫፉን ወደ ከንፈሩ ወሰደው፣ ሊያሾለው! ዕድሜ ልኩን ብሩሽ ያሾለው በከንፈሩ ነዋ። "ኧረ አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው!" ብሎ ደሳለኝ ጮኸ። እኔ ሣቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ላቀው የመልአክ ፊት ጀመረ። ብሌኑን ዓይን ውስጥ ሊያኖር ሲል ጉንጭ ላይ ያርፍበታል። ደገመው፤ አሁንም ጉንጭ ላይ።

"ዕቃውስ ምንም አልሆነ። እጅዎ ነው የደከመ አባባ፤ ዕድሜ ነው" አለ ደሳለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ላቀው ብዕሩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። "እውነቱን ነው። አልቋል እጄ። ተነሽ እንሂድ" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "የት ልትሄድ ነው? ተቀመጥ! መልአክ ካስቸገረህ ሰው ሳል። ይኼው፣ ይኼን ጎረምሳ ሳለው!"

ላቀው ደሳለኝን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ አጎንብሶ ሳለ። መስመሩ ወዲያ ወዲህ ቢልም ደሳለኝ ራሱ ነው፤ አፍንጫው፣ አገጩ፣ ያች ቀጭን ጢሙ ሳትቀር። ግን በጎን ነው፤ ያለው ዓይንም አንድ ብቻ! ደሳለኝ ሊሥቅ ጀምሮ ተወው። የኛን አገር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየ ያደገ ሰው ይኼን አይስተውም፤ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። በጎንና በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና የሄሮድስ ወታደር ነው።

"አባባ! እኔን ከነሄሮድስ ጋር?"

"እኔ አይደለሁም ልጄ፣ እጄ ነው። ደክሟል አላልክም?" አለ ላቀው ረጋ ብሎ።

እግዚኦ! ከወደቀ ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው።

ደሳለኝ ኩም አለ። "የሰፊው መስታወት ወፍራም ነው" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "መስመሩ ከብዕሩ ጫፍ ፈንጠር ብሎ ይወጣል። የሞከረው ሁሉ ትቶት ሄደ፤ እርስዎ ላይ ላራግፈው ነበር። የእጅዎ ጥፋት አይደለም፣ ይቅር ይበሉኝ።" ልወርድበት አፌን ስከፍት ትንሹን አምጥቶ መግጠም ጀመረ፤ ስድቤን ለጊዜው ዋጥኩት።

ትንሹ ላይ ብሌኑ ቀጥ ብሎ ዓይን ውስጥ ገባ። ላቀው እጁን አነሣና ገልበጥ አድርጎ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከዚያ ቅንድብ ሳለ፣ ክንፍ ሳለ፣ ላባውን አንድ በአንድ ደረደረው። መስታወቱ ስስ፣ ፊቱም ሻከር ያለ ስለሆነ ብዕሩ አይንሸራተትም፤ መስመሩ እሱ ካለበት ቦታ ንቅንቅ አይልም።

"ስርጉት፣ እጄ አለ እኮ" አለኝ። 

"መች የለም አልኩህ፣ አንተ ከንቱ!" አልኩት። እሱን እየሰደብኩ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፤ ደስታ ነው፣ ምን ላድርግ።

ትንሹን እንደምንወስድ ለደሳለኝ ነገርኩት። ግን ማን ይነሣ! ላቀው አንዱን መልአክ ጨርሶ ሌላ ጀመረ፤ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ፈረስ። የምሳ ሰዓት አለፈ። ደሳለኝ የበሩን ቁልፍ ይዞ ከኋላችን ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው ወደኔ ጠጋ አለ።

"እማማ፣ ልዘጋ ነበር እኮ።"

"ዝጋብንና ሂድ" አልኩት።