ያልታጠበ ቱታ

ወንድሜ አራዳ ውስጥ ባለ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነበር። ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ከጭነት ማኪና ላይ በጭንቅላቱ ወድቆ ሆስፒታል ገባ። ይተነፍሳል፤ ሲጠሩት ግን ዓይኑን አይገልጥም። አባቴ ከእናቴ ጋር ከአገራችን ከጠዳ መጥቶ ብዙ ቀን አጠገቡ ተቀመጠ። በኋላ ወደ አገር ቤት ሊወስደው ቆረጠ፤ በወገኑ መካከል እንዲያርፍ።

«ልጄ ሄዷል፤ የቀረው ትንፋሹ ነው» አለ።

ነርሷ ጥቂት ቀን እንዲታገሥ ለመነችው። የሚያውቀውን ድምፅ አሰሙት፣ የሚያውቀውን ሽታ አሽትቱት፣ እጁን ዳስሱት አለችን። እናቴ በማግስቱ የሥራ ቱታውን ይዛ መጣች። አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ። ሆስፒታል እንዴት ቆሻሻ ልብስ ይገባል ብላ ነው።

ነርሷ አሸተተችው። «እማማ፣ ይሄ እኮ ሳሙና ነው። እሱ መቼ ሳሙና ሸትቶ ያውቃል?»

እናቴ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

እኔ የቀበሌውን ውይይት ትቼ ጋራዥ ሄድሁ። ጓደኞቹ ሌላውን ቱታ ከሚስማር ላይ አወረዱልኝ። ናፍጣና ግሪስ የጠጣ፣ ቢያቆሙት የሚቆም። የብሎን መፍቻዎቹንም ጨመሩልኝ።

ቱታውን ወደ አፍንጫው አስጠጋሁለት። ድምፄንም ይስማ ብዬ፣ እሱ ማኪና ሥር ተኝቶ እኔ መፍቻ እንደማቀብለው ሆንሁ። «እንካ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር» እያልሁ መዳፉ ላይ አኖራለሁ። ምንም የለም። በማግስቱም ምንም።

አንድ ቀን ከሰዓት ግን ሳላይ አሥራ ሰባቱን አቀበልሁት። አፌ አሥራ ሦስት ነው ያለው። አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። እንዴት ልበለው... የብረቱን አፍ ዳሰሰው። ከዚያ ጣለው። ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። ትክክለኛውን ሰጠሁት። ጨበጠው።

ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ልታስለቅቀው ብትስበው አልለቅ አለ። አባቴ ብድግ አለ።

«ምነው ሲስተር፣ ተይው እንጂ። ሥራ ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ስለ መውሰድ አላነሣም። ቀን ሙሉ ስለ እርሻው፣ ስለ ጎረቤቱ ያወራለት ነበር።

ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ ሞተ። ጠዳ፣ ለቅሶው ላይ፣ ሰዎች ምንም ሳያውቅ ማረፉ ይሻላል እያሉ ሊያጽናኑን ሞከሩ። አባቴ ግን ይህን ያለውን አንድም ሰው ዝም ብሎ አላለፈም።

«ያውቅ ነበር። የተሳሳተ መሣሪያ ሲሰጡት ይጥል ነበር። ይኸው ወንድሙ፣ ጠይቁት።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። እኔም እያለቀስሁ፣ ቀና ብዬ፣ አዎ እላለሁ።