አፈር ያመላለስኩበት ግድብ

ጉረኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ካልጋሪ እንደመጣሁ ሁለት ሰመር ገልባጭ መኪና ነድቼ፣ ከተማው ቦው ወንዝ ዳር ላሠራው የጎርፍ መከላከያ ግድብ አፈርና ድንጋይ አመላለስኩ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ግድቡ የእኔ ሆነ። ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር፣ ወሬውን ጎትቼ ጎትቼ ወንዙ ዳር አደርሰው ነበር።

እትዬ የምላቸው የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ወንዙ አጠገብ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ያለ ጆሮ መስሚያ መሣሪያ አይሰሙም። ልጃቸው ማርቲንዴል የሚባል ሰፈር፣ ከፍታው ላይ፣ ቤት ገዝታ አብረዋት እንዲኖሩ ስትለምናቸው ማን አስቀራቸው? እኔ። የእኔን ግድብ ወንዝ አይደፍረውም አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

ባለፈው ሰኔ ታዲያ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራ አለ። ከተማው የወንዙ ዳር ሰዎች ለመውጣት እንዲዘጋጁ ቴክስት ላከ። ሺፍቴን ለሰው ሰጥቼ በረርኩ። ስደርስ እትዬ ሽር ጉድ እያሉ ነው። የቅዳሜው ማኅበር ተረኛ እሳቸው ናቸው፤ ጽዋው እሳቸው ቤት ነው፣ ጠላው በበርሜል ተጠምቋል።

ይነሱ እንሂድ ስላቸው፣ ማኅበርተኛን ያለ ጠላ ማስቀመጥ ነውር ነው አሉ። ጠላውን እኔ እጭናለሁ አልኩ። ከተናጠ ይበላሻል አሉ። ቀጥለው ደግሞ ፈገግ ብለው፣ ግድቡን የሠራው አንተ አይደለህም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለካ ሴትዮዋ የምር አምነውኛል!

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«እትዬ፣ እኔ አፈር ነው ያመላለስኩት። ይቻለው አይቻለው አላውቅም። ጉራዬን ነበር።»

እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ታዲያ ይህን ለመናገር ዝናብ እስኪመጣ ትጠብቃለህ?» አሉና ነጠላቸውን አነሱ።

ጽዋውን ታቅፈው ፊት ወንበር ተቀመጡ፤ በርሜሉ ከኋላ በቀበቶ ታሰረ። መንገዱን ሁሉ ለጠላው ሲሉ ቀስ በል፣ ቀስ በል እንዳሉኝ ልጃቸው ቤት ደረስን። ፓስፖርታቸውንም መድኃኒታቸውንም ረስተን ጠላ ብቻ ማዳናችንን ልጃቸው ስታውቅ፣ ስድቡን እኔ ጠጣሁት።

ግድቡ ቻለ። በላዩ አንዲት ጠብታ አላለፈችም። ቅዳሜ ልጃቸው ቤት ማኅበርተኛው ጠላውን እየተጎነጨ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ሲያደርገኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደገና ማበጥ ጀመርኩ።

እሑድ የቀረውን ዕቃ ልናመጣ ከእትዬ ጋር ሄድን። በሩን ስንከፍት ቤዝመንቱ እስከ ወገብ ውሃ ሞልቶታል። ወንዙ ሲያብጥ ውሃው በግድቡ ሥር፣ በመሬት ውስጥ ተስቦ በወለሉ ማፍሰሻ ገብቷል። እንዲህ እንደሚመጣ ያ ሁሉ ጉራ የነፋሁት ሰውዬ አላውቅም ነበር። የእትዬ ፍራሽ ተንሳፍፎ ግድግዳው ጥግ ቆሟል።

ደረጃው ላይ ቆመው ፍራሹን ብዙ አዩት።

«ስተኛ እኮ መስሚያዬን ከጆሮዬ አውልቄ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ እጄን ያዙኝ።