የባል ፊርማ

በደርግ ዘመን አዋሳ ላይ ሽንት የሚያጣድፈው ሰው አሳሩን ያይ ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ከተጀመረ በኋላ ተነስቶ መውጣት ራስን በጠላትነት ማስመዝገብ ነው። ሊቀ መንበሩ ስለ ዓለም ጭቁኖች ሲተነትኑ እኔ አግዳሚው ላይ እግሬን አጣምሬ እቁነጠነጣለሁ። እጄን አወጣለሁ።

«ጥያቄ አለህ፣ ጓድ?»

«የለኝም። ውጭ ልውጣ ብዬ ነው።»

«አሁን ወጥተህ አልገባህም እንዴ?»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያየኛል። ይህን ሁሉ መከራ ያመጣብኝ የአጎቴ የሽንት ክኒን ነው።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው። መሃል ከተማ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እኔን ከቱላ አምጥተው አስተማሩኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ስለነበር ምእመኑ ሐሙስ ሐሙስ በየቤቱ ተደብቆ ይሰበሰባል፤ ጸሎቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያች ሐሙስ የሚበልጥባቸው ነገር አልነበረም። ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «ይሄ ጨርቅ ሲታጠብ ይለቃል» ብለው ለገዢ የሚናገሩ ነጋዴ ነበሩ፤ እንዴት እንደኖሩ እግዜር ይወቅ።

እግራቸው ሲያብጥ ሆስፒታል ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ክኒን ታዘዘላቸው። የእግራቸው እብጠት ጎደለ። በሦስተኛው ወር ግን ደረታቸው አበጠ። ጡታቸውን ሸሚዝ ሲነካው ያማቸዋል፤ እንዳይታይባቸው በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰው ይውላሉ። አንድ ቀን ተናደው ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ወረወሩልኝ።

«እስቲ ያስተማርኩህን እንግሊዝኛ አምጣው። ምን አድርገውኝ ነው?»

አነበብኩላቸው። ወንዶች ላይ ጡት ሊያሳብጥ ይችላል። የወንድነት ስሜት ሊቀንስ ይችላል። እሳቸው በየመስመሩ «ጉድ ፈላ» ይላሉ፤ እኔ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ እጠነቀቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ራሴን የማውቀው ሴት አድርጌ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ምን ተብሎ እንደሚነገርም አላውቅም ነበር። የማውቀው ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ጢሜን ማየት እንደ ስድብ ይሰማኝ እንደነበር ነው። አጎቴ የሚራገሙት መዘዝ ሁሉ የእኔ ምኞት ነበር።

ሐኪሙ ክኒኑን በሌላ የሽንት ክኒን ቀየረላቸው። የተረፈው ኮመዲኖው ላይ ተቀመጠ። እኛ ዘንድ መድኃኒት አይጣልም፤ ለአንዱ ያልተስማማው ለጎረቤት ይሆናል ተብሎ ይቀመጣል። ጎረቤቷ እኔ ሆንኩ። የአጎቴ ሲያልቅ በአሮጌው ማዘዣ ሌላ አወጣሁ።

ወሮታው ምን ሆነ? ሽንት፣ ጥማት፣ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ራስ ማዞር። ጢሜ እንደሆነ ክኒን መኖሩን የነገረው ያለ አይመስልም። ከወራት በኋላ ደረቴ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር አመመችኝ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ግን እሷም እዚያው ባቄላ ሆና ቀረች።

ነገሩን ያበላሸው ሙዝ ነው። አጎቴ አዲሱን ክኒን ሲጀምሩ «ሽንቱ ፖታሲየም የሚባል ጨው ይዞ ስለሚወጣ ሙዝ ያዘውትሩ» ተባሉ። ቤታችን የሙዝ መጋዘን ሆነ። እኔም የሽንት ክኒን ያው የሽንት ክኒን ነው ብዬ፣ በደከመኝ ቁጥር አብሬያቸው እገምጣለሁ። በበላሁ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ጉልበቴ በከዳኝ ቁጥር እበላለሁ። ልቤ አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ የቆመች ይመስለኛል። አንድ ቀን በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ወደቅኩ።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችኝ ሲስተር ልቤን አዳምጣ የምወስደውን ጠየቀችኝ። መዋሸት ደክሞኝ ነበር፤ የአጎቴንም የእኔንም ክኒን፣ ሙዙንም፣ ለምን እንደምውጠውም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«የአጎትህ አዲሱ ክኒን ፖታሲየም የሚባለውን ጨው ያስወጣል። ያንተኛው ደግሞ ሰውነት ውስጥ ያስቀረዋል። አንተ በላዩ ላይ ሙዝ ትከምራለህ። ልብህ ልትቆም ነበር እኮ። ማን አዘዘልህ?»

«ማንም።»

«እሱማ ያስታውቃል። ከዛሬ ጀምሮ አቁም።»

«በሱ ፋንታ ምን አለ?» አልኳት።

ተነፈሰች። «ውጭ አገር ሌላ ሳይኖር አይቀርም፤ እዚህ የለም። የሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ የሴት ሆርሞን አለው። እሱም ቢሆን ደም ያረጋል። ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«አንድ እግርህ ካበጠ ወይም ደረትህን ከወጋህ ሳትውል ሳታድር ትመጣለህ። በየወሩ እያየሁህ ቢሆን እሺ እል ነበር። ግን በእኔ እጅ አይደለም፤ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ያለ ባል ፊርማ ለማንም አይሰጥም።»

ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም።

መጋረጃው ሲገለጥ አጎቴ ከወዲያ በኩል አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። መውደቄን ሰምተው መጥተው ኖሯል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የሰሙት። በጋሪ ተመለስን። ቤት ገብተን ካፖርታቸውን ሰቀሉና «ስንት ዓመትህ ነው?» አሉኝ።

«ሃያ አራት።»

«እኔ የእኔ ያልሆነ ደረት ጥቂት ወር ተሸክሜ ላብድ ነበር» አሉ። ከዚያ «ሙዙን እንዳትነካ» አሉና ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ።

ሰኞ ጠዋት ወጥተው ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ የክኒን ፓኬት ወረወሩ። ሚስቴ ገጠር ናት፣ እግሯን ያማታል፣ መምጣት አትችልም ብለው በባል ቦታ ፈርመው ነው ያመጡት። የሚስት ስም ሲጠየቁ የሟቿን ሚስታቸውን ስም ሰጡ።

«ሌላ ውሸት መፍጠር አቃተኝ» አሉኝ ተናደው። «ደግሞ ይስቃሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ልጅ ፈሩ እያሉ ይስቃሉ።»

ሲስተሯ ነገሩን ስነግራት ግንባሯን ያዘች፤ ከዚያ ግፊቴን ለካች። በየወሩም ትለካኝ ነበር። ክኒኑ ያቅለሸልሸኛል፣ ያለ ምክንያት ያስለቅሰኛል፣ ቆዳዬ ግን ለሰለሰ። አጎቴ «አንተ» ማለታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉም፤ «አንቺ» እንዲሉኝ ስለምናቸው «አንደበቴ አርጅቷል» ይሉኛል። ያቃጥለኝ ነበር። ክኒኑን ግን አንድም ወር አላስታጎሉም።

አዋሳ ምስጢር አትይዝም። የምጣኔ ክፍሉ ጸሐፊ የአንድ ምእመን ልጅ ናት ለካ። ሦስት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ፤ እኔ ውሃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«በስውር ያገቧት ሴት አለች?» አሏቸው።

«የለችም።»

«በሟቿ ስም ፈርመዋል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ ክኒኑ ለማን ነው?»

እሳቸው ከተናገሩ እኔ አለቀልኝ፤ ዝም ካሉ ሐሙሳቸው ያልቃል። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

«እሱን አልናገርም» አሉ።

ከጸሎት መሪነት አወረዷቸው፤ ንስሐ እስኪገቡ ድረስም ከጉባኤው እንዲርቁ ተነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ክኒኑን አቆማለሁ፣ ይመልሱዎታል አልኳቸው።

«ዝም በል። ስፈርም እኮ ምን እንደምፈርም አውቅ ነበር።»

ሐሙስ ሲመሽ ምእመኑ አንድ ሁለት እያለ በደጃችን አልፎ ወደ ሌላ ቤት ሲገባ በመስኮት አዩ። መጋረጃውን ዘጉ፤ ከፊታቸው ያለውን ወንበር አሳዩኝ።

«ለጸሎት ሁለት ሰው ይበቃል ይላል ወንጌሉ። ተቀመጥ።»

ክፍሉ ሰው የሞላበት ይመስል ስለ ታመሙት፣ ስለ ታሰሩት፣ ለውትድርና ስለ ተወሰዱት ልጆች በየተራ ጸለዩ። ከዚያ «ጌታ ሆይ» አሉ፣ «ይህ ክኒን ልብ ሳይጎዳ ሥራውን ይሥራ። ስለ ዋሸሁት ውሸት ግን ይቅርታ አልለምንህም።»

አሜን የምለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ግን ፊታቸውን አያለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው።

«በል እንጂ» አሉኝ፣ «ስንት ሰዓት እጠብቃለሁ?»