የታች ሰፈር ጭስ

እንዶድ በር ስንት ቤት ነበራት ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ እንደ ቆማችሁበት ቦታ ይለያያል። ከጉብታው ላይ ሆኖ ለሚያይ ሀያ አንድ ቤት ናት። ገደሉን ለወረደ ግን አርባ ሦስት ናት። ይህን ልዩነት የፈጠረው አምላክ ነው፤ የተጠቀመበት ግን ወልደአረጋይ የሚባል የመንደሩ ጭቃ ሹም ነው። እኔ ከታች ሰፈር ከተረፈው ጥቂት ዘር አንዱ ነኝና፣ ስለ እሱ ሳወራ ምላሴ አንዳንዴ ቢመር ይቅር በሉኝ።

እንዶድ በር ከአንኮበር ወደ መዘዞ በሚያወጣው መንገድ ዳር ናት። ከተማ እንዳልላት ትንሽ ናት፤ መንደር ብቻ እንዳልላት ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና የቅዳሜ ገበያ ነበራት። ላይ ሰፈር ሜዳው ላይ ነው፤ ውርጭ አይለየውም፣ ገብስ ያበቅላል፣ በግ ያረባል። ታች ሰፈር ከገደሉ ሥር በጥድ ተሸፍኖ የተቀመጠ ሞቃት ቦታ ነው፤ ባቄላና ማሽላ ያወጣል። ሁለቱን የሚያገናኘው እግረኛና ፍየል ብቻ የሚወርደው ቀጭን መንገድ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ይሞላዋል፣ ያን ጊዜ ላይ ሰፈር ታች ሰፈርን አያውቀውም።

በዚያ ዘመን ቤት አይቆጠርም፤ ባዶ ቤት ብዙ ነዋ። የሚቆጠረው ጭስ ነው። በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ ኪዳነ ማርያም የሚባል ቆጣሪ ከአንኮበር በበቅሎ ይመጣና ማለዳ ጉብታው ላይ ይቆማል። ለእያንዳንዱ ጭስ በያዘው ጠፍር ላይ አንድ ቋጠሮ ያስራል። ለየአሥሩ ቋጠሮ አንድ ወታደር ከነሚስቱና ከነአሽከሩ መንደሩ ላይ ይመራል፣ ገበሬውም ቤቱ አስገብቶ ያበላዋል።

ወልደአረጋይ በተሾመ በመጀመሪያው ዓመት ወለተ ሥላሴ የምትባል ባልቴት ቤት ወታደር አስገባ። እንግዶቹ ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስ ሳይቀር በሉባት። በበልግ አንድ ማሰሮ ይዛ ወደ ቆላ ወረደች፣ ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። በሩን ከፍቶ ወታደሩን ያስገባው በገዛ እጁ ነበርና ነገሩ ወልደአረጋይን እንደ እሾህ ወጋው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ዘዴ ፈጠረ።

ዘዴው ይህ ነው። ቆጣሪውን ይዞ ጉብታው ላይ ሲወጣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ «የጠፋ በሬ ያያችሁ!» እያለ ይጮኻል። ታች ሰፈር ድምፁን ሲሰማ ምድጃውን በአመድ ያዳፍናል። የቀረውን ጉሙ ይሸፍነዋል። ከሁሉ ፈጣኗ እዚያ የተዳረችው ልጁ ወለተሐና ነበረች። ጎረቤቶቿ የእሷ ጭስ ከጣራ ሳይወጣ ይመለሳል እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም በዚህ ትኮራለች። አንድ ዓመት ኪዳነ ማርያም የወልደአረጋይ በሬ ሁልጊዜ በቆጠራ ቀን የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ጠየቀው። እሱም በሬው አመለኛ ነው ብሎ መለሰ፣ ተሳሳቁ። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ወታደር የሚመራው ለሀያ አንድ ጭስ ብቻ ስለሆነ ለአርባ ሦስት ቤት ሲካፈል ቀለለ፣ ወልደአረጋይም ብልህ ሹም ተባለ። እኔም ብሆን አመሰግነው ነበር።

ከዚያ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት መጣ። ዝናቡ ሰንፎ ከርሞ ነበር፤ በግንቦት ደግሞ የከብት በሽታ ገባ። የወልደአረጋይ አራት በሬዎች በዘጠኝ ቀን አለቁ። በሰኔ በእንዶድ በር ቀንበር የሚሸከም በሬ አንድ አልቀረም። ጥቂት ሰዎች በዶማ ሞከሩ፤ የተራበ ሰው በዶማ ስንት ይቆፍራል? ኅዳር ሲገባ ታች ሰፈር ሳማና ሥራ ሥር እየቀቀለ ይበላ ጀመር።

ከአንኮበር ጎተራ እህል ይሰጣል የሚል ወሬ ሲመጣ ሰው እንደገና ቀና አለ። እህሉ የሚሰጠው በጭስ ቁጥር ነው፤ ለአንድ ቋጠሮ አንድ ቁና ገብስ፣ በየወሩ። ለእንዶድ በር ሀያ አንድ ቁና መጣ። ወልደአረጋይ ለአርባ ሦስቱም ቤት አካፈለው፤ ለሁሉም ሲዳረስ ለማንም አልሆነ። በወሩ መጨረሻ ከላይ ሰፈር ስድስት ሰው፣ ከታች አሥራ አንድ ተቀበረ። ላይ ሰፈር ተሰብስቦ የሚቀጥለውን እህል እንደማያካፍል ቆረጠ። ቃሉን የተናገረው ሽማግሌው ገብረ ጻድቅ ነው።

«የተቆጠርነው እኛ ነን» አለው። «ታች ሰፈር የለም ያልከው አንተ ነህ፣ አያ ወልደአረጋይ። አለ ማለትም የአንተ ፈንታ ነው።»

ገብረ ጻድቅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የልጅ ልጆቹን እያየ ነው የተናገረው። ወልደአረጋይ ግን ታች ሰፈር ልጁም የአራት ወር የልጅ ልጁም አሉት። በበነጋታው ወደ አንኮበር ወጣ።

አራት ቀን ደጅ ጠና። በአምስተኛው ኪዳነ ማርያም ፊት ቀርቦ፣ ስድስት ዓመት መዋሸቱን፣ ከገደሉ ሥር ሀያ ሁለት ቤት መኖሩን ተናዘዘ። ኪዳነ ማርያም አልተቆጣም። ዘንድሮ የሹሙ ሁሉ መንደር በእጥፍ እንደ ጨመረ ነገረው። ቢሆንም ፍርድ የሚያውቅ ሰው ነበርና መጥቶ ሊያይ ተስማማ፤ ጭስ ካየ ቋጠሮ ይጨምራል። ወልደአረጋይ ቀድሞ ሄዶ ለሰዎቹ እንዲነግር ለመነ። ቆጣሪው እምቢ አለ፤ ቀድሞ ከሄደ በየባዶው ቤት እሳት እንደሚያስነድድ ጠርጥሯል። አብረው ወጡ፣ መንገድ ላይ ጎረቤላ አደሩ።

ማለዳ እንዶድ በር ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ጉም የሚባል የለም። ወልደአረጋይ ይህን ሲያይ አለቀሰ፤ እግዜር የማረው መስሎታል። ዛሬ ቆጣሪውን ጉብታው ላይ ሳይሆን ገደሉ አፋፍ ድረስ ወሰደው። ከጥዱ መካከል ጭስ ይታያል፤ የሳማ ቅቅል የሚበስልበት ቀጫጭን ጭስ። ወልደአረጋይ በጣቱ እያመለከተ የየቤቱን ባለቤት ስም ጠራ፣ ኪዳነ ማርያምም ቋጠሮ አሰረ። ዘጠኝ ላይ ደረሱ።

አሥረኛውን ሲፈልጉ ከዘጠኙ አንዱ ጠፋ። ቀጥሎ ሁለት ጠፉ። ከታች ያለው ሰው አፋፉ ላይ የቆጣሪውን በቅሎና የአጃቢዎቹን ጋሻ አይቷል።

ወልደአረጋይ ምን እየሆነ እንዳለ ገባው። ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጦ ባለው ጉልበት ጮኸ። «አንድዱ! ወለተሐና፣ እሳቱን አንድጂ!»

ገደሉ ጥልቅ ነው፣ ቃሉ ታች አይደርስም። የሚደርሰው ድምፁ ነው፤ ታች ሰፈር ደግሞ ያንን ድምፅ ስድስት ዓመት ያውቀዋል። የቀረው ጭስ ሁሉ ባንድ አፍታ ጠፋ። ድምፁ እንደ ተሰማ ከሁሉ ቀድሞ የጠፋው ከትልቁ ጥድ አጠገብ ያለው የወለተሐና ጭስ ነበር።

ኪዳነ ማርያም ፀሐይ እስክትሞቅ ጠበቀ። ከዚያ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሰው የሚኖርበት ምድጃ በማለዳ እንዲህ ብልጭ ብሎ እንደማይጠፋ፣ ሰው ልኮ ያስነደደው እንደሆነ ተናገረ። ወልደአረጋይ እግሩ ላይ ወድቆ፣ ያስተማራቸው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ወርደው ቢያዩ ሰዎቹን እንደሚያገኙ ነገረው። ቆጣሪው መንገዱን አየ፤ በቅሎ አይወርደውም፣ ከታች ተስቦ አለ ይባላል፣ ከምሳ በፊት የሚያያቸው ሦስት መንደሮች ቀርተውታል።

«ስድስት ዓመት ዋሽተኸኝ ከሆነ ዛሬ በምን ልመንህ?» አለው። «ካልዋሸኸኝም ሀያ አንድ ነው።»

በቅሎውን አዞረና ሄደ።

ወልደአረጋይ ገደሉን ብቻውን ወረደ። የጠበቀው ሰው የለም፤ ሁሉም በሩን ዘግቶ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጧል፣ በደህናው ዘመን እንዳስተማራቸው። ወለተሐናን ከዘጋችው በር ጀርባ ልጇን ታቅፋ አገኛት። እጇ እስከ አንጓዋ በአመድ ነጥቷል፤ ከምድጃው ላይ ያለው ሳማ ጥሬ ነው። ስታየው ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«አባባ፣ ድምፅህን እንደሰማሁ አዳፈንኩት» አለችው። «አላዩብንም አይደል?»



«አላዩም፣ ልጄ» አላት፤ ከዚያም ከጎኗ ተቀመጠ።