ለስኮላርሺፕ ሽማግሌ ሲላክ

በእኛ አገር ለሴት ልጅ ሽማግሌ የሚመጣው ለጋብቻ ነው። ለእኔ ግን ሽማግሌ የተላከልኝ ለስኮላርሺፕ ነው። ያውም ሳላውቅ፣ ያውም ጎንደር ፒያሳ መሃል ሆቴል ውስጥ፣ ያውም «እስቲ ስለራስሽ ንገሪን» ተብዬ አፌን ልከፍት ስል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጎንደር ነው የጨረስኩት፤ ቁስቋም ሰፈር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን። ቤተሰቦቼ መካነ ብርሃን ናቸው፣ ገበሬዎች። ያን ዓመት አንድ ድርጅት «ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ፣ ተስፋ የሚጣልባቸው ወጣት መሪዎችን» ኮሌጅ አስተምራለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ክፍያውንም ቀለቡንም ይችላል። አባቴ ደግሞ ቁርጤን ነግሮኛል፤ «ካገኘሽ ሸጋ። ካላገኘሽ እኔ ከዚህ ወዲያ አቅም የለኝም፣ ትመለሻለሽ።» እኔ መመለስ አልፈልግም ነበር።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ለቃለ መጠይቁ አሠለጠነን። ሥልጠናው ባጭሩ «እኔ» ማለት ነው። «እኔ መራሁ በሉ! እኔ አቋቋምኩ በሉ! ‹እኛ› ያለ ወደቀ!» ይላል ጠረጴዛውን እየደበደበ። እኔ የምለው አላጣሁም። የንጽሕና ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የወንዶቹን መጸዳጃ ቤት ወንዶቹ ራሳቸው በተራ እንዲያጸዱ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይህ አመራር ካልሆነ ምን አመራር ነው? ችግሩ «እኔ» ባልኩ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። የቤት ጓደኞቼ እስኪሰለቻቸው ድረስ መስታወት ፊት ቆሜ «እኔ፣ እኔ» ስል ከረምኩ።

ከዚያ አባቴን በስልክ አገኘሁትና ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተው እንደሚጠይቁን ነገርኩት።

«ማን ይናገርልሻል?» አለኝ።

«ማን ይናገርልኛል፣ እኔው ነኛ።»

«ስለራስሽ?»

«አዎ።»

«በገዛ አፍሽ?»

«እንደሱ ነው የሚደረገው አባዬ።»

ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። አልተቋረጠም፤ አፍሮ ነው። ቆይቶ፣ «ምነው ልጄ፣ ሰው እንደሌለሽ!» አለና ዘጋው። እኔም ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ከሌሎቹ ተፈታኞች ጋር ሆቴሉ ኮሪደር ላይ ተሰልፈን ተቀመጥን። እኔ የመጀመሪያዋ ነበርኩ። ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣች ላፕቶፕ የያዘች ሴት፣ ሌላው ጸጉራቸው የሸበተ የጎንደር ሰው፣ መምህር። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ስለራሴ እንድናገር ጋበዘችኝ። «እኔ» ብዬ ስጀምር በሩ ተከፈተ።

ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በትራቸውን እንደያዙ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። አንደኛው የአጥቢያችን አስታራቂ ናቸው፤ የገዳይና የሟች ወገን ያስታረቁ አንደበተ ርቱዕ፣ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው። ሁለተኛው የእናቴ አጎት ናቸው። ሦስተኛው የነፍስ አባታችን ቄሱ። በረድፍ ቆሙና እጅ ነሱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

«ስብሰባው ሌላ ፎቅ ላይ ነው፣ አባቶች» አለች ሴትዮዋ።

«የለም፣ እዚሁ ነው» አሉ አያ። «ልመና ይዘን ነው የመጣን።»

መምህሩ ገና ሲያዩዋቸው ተነሥተዋል። የጎንደር ሰው ናቸዋ፤ ሽማግሌ ቆሞ እንዴት ይቀመጣሉ? «አረፍ በሉ አባቶቼ» አሉ።

«እሺ ሳትሉን አንቀመጥም።»

ሽማግሌ የተላከበት ቤት ያለው ሕግ ይኸው ነው፤ ጉዳዩ እሺ እስኪባል ወንበር አይነካም። ስለዚህ መምህሩም ቆሙ፣ ሴትዮዋም ግራ ገብቷት ቆመች፣ እኔም ቆምኩ። ወንበሮቹ ብቻ ባዶአቸውን ቀሩ።

ሴትዮዋ ግን ነገሩ ሲገባት ደስ አላት። «ይሄ እኮ ነው የማኅበረሰብ ድጋፍ!» አለችና ላፕቶፑን መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጋ ቆማ ለመጻፍ ተሰናዳች። «እስቲ ስለ እሷ ንገሩን።»

«ምን ይነገራል» አሉ አያ። «ልጅ ናት። ትንሽ ችኩል ናት።»

«አፏም አያርፍ» አሉ የእናቴ አጎት።

«ጾሙ ላይም ሰነፍ ትላለች» አሉ ቄሱ።

ሴትዮዋ ሁሉንም ትጽፋለች። «የመሪነት ብቃቷስ?»

«ኧረ ወዲያ!» አሉ አያ ከልባቸው ደንግጠው። «ታላላቆቿ እያሉ ማንን ትመራለች? እንዲያው በእናንተ ደግነት ተቀበሏት እንጂ፣ የምትመጥናችሁ ሆና አይደለም።»

እኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ የራስን ልጅ ማመስገን ነውር ነው፤ አሳንሶ ማቅረብ ነው ክብሯ። ያን ያህል ካንቋሸሹኝ በጣም ይወዱኛል ማለት ነው። ላፕቶፑ ግን ይህን ከየት ያውቃል? «እኔ የንጽሕና ክበብ...» ብዬ ስጀምር አያ ዞረው ሲያዩኝ የከረምኩበትን «እኔ» ሁሉ ትቼ አቀረቀርኩ። «እናየዋለን» ተብለን ወጣን።

ኮሪደሩ ላይ ልጮህባቸው ስል ከወረፋው አንድ ተፈታኝ ተነሣ። ከጭልጋ የመጣ ነው፤ እጅጌው ጣቱን የሸፈነ የውሰት ኮት ለብሷል። የአያ ጉልበት ላይ ወደቀ። «አያ፣ እናት አባት የለኝም። ለእኔም ቁሙልኝ» አላቸው።

ጉልበቱን የያዘውን እምቢ የሚል ሽማግሌ የት ይገኛል? ሦስቱ ተያዩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ልጁን አስከትለው ተመልሰው ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ግንባሩን እዩት ይህን ልጅ!» አሉ አያ። «አስተዋይ፣ ታጋሽ፣ ቃሉን አክባሪ። አገር ቢሰጡት አገር ያስተዳድራል።»

ልጁን የሚያውቁት ኮሪደሩን እስኪሻገሩ ድረስ ብቻ ነው እኮ! የሌላ ሰው ልጅ ማመስገን ነውር የለበትማ፣ ምርቃት ነው። አያ ደግሞ ሲመርቁ ልክ አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጣል? የደባርቋ ልጅ መጣች፤ ቆሙላት። ቅኔ የተማረው የቄስ ልጅ መጣ፤ ቆሙለት። ሻሽዋን አስተካክላ የሙስሊም ልጅ ስትጠጋቸው ቄሱ ራሳቸው ከፊት ሆነው ገቡ፤ እንደዚያ ቀን ስብከታቸው ሞቆ አያውቅም። ለስላሳ ይዞ የሚመላለሰው አስተናጋጅ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሙሽሪት የትኛዋ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ። ሦስት ጠበቃ ከአገሬ መጥቶልኝ ለተቀናቃኞቼ በሙሉ ይሟገታል! ጥፋተኛዋ እኔ ብቻ ነኝ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ገቡና አንወጣም አሉ። ሁላችንም በሩ ላይ ተደራረብን።

«ለሁሉም እሺ በሉን» አሉ አያ።

«አባቶቼ፣ ከዚህ የምንወስደው አንድ ብቻ ነው» አሉ መምህሩ። ጧት የቆሙ እንደቆሙ ናቸው፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይቀያይራሉ።

«ምነው አንድ? ይህን ሁሉ ልጅ ጠርታችሁ?»

«ሕጉ ነው።»

«ሕጉን ማን አወጣው? እሱን ጥሩልን፣ እሱንም እንለምነዋለን።»

መምህሩ ወገባቸውን ያዙ። «እንግዲያው እናንተው ፍረዱ። ማንን እንውሰድ?» አሉ። ሴትዮዋ «መስፈርት እኮ አለን» ብላ ልትከራከር ነበር፤ እሷም ግን እግሯ አልቋል።

ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰች። አለቀ፣ እኔ ነኝ! ከመካነ ብርሃን ድረስ ሽማግሌ ለምኖ የላከው የእኔ አባት አይደል? ሦስቱ ጥግ ይዘው ጋቢ ለጋቢ ገጥመው ተመካከሩ። ከዚያ አያ ወደ ፊት መጡና እጃቸውን ዘረጉ፤ ወደ ጭልጋው ልጅ።

«ይህን ውሰዱ። ሰው የለውም።»

ሴትዮዋ ላፕቶፗን አየችና «ነጥቡም የሚያመዝነው እሱ ጋ ነው» አለች። መምህሩ «እሺ» አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ከዚያ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወንበር ላይ ወደቀ።

ፒያሳ አደባባይ ላይ፣ ባጃጁ ሁሉ እየሰማኝ፣ ጮህኩባቸው። «ለእኔ አልነበር የመጣችሁት?»

«ላንቺ ነው» አሉ አያ። «ዳኛ አደረጉን እንጂ። ዳኛ ሆኖ ለዘመዱ የሚፈርድ ምን ይባላል?»

«እኔስ? እኔ ምን ልሁን?»

«አንቺማ እኛ አለንሽ።»

«ምን አላችሁና?» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቃል ለሽማግሌ! የእናቴ አጎት አንገታቸውን ደፉ። አያ ግን አልተቆጡም፤ «እንመካከራለን» ብለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። እኔ ቁስቋም ድረስ እያለቀስኩ በእግሬ ወጣሁ።

ተመካከሩም። የአጥቢያው ማኅበር የኮሌጅ ክፍያዬን እንችላለን አለ። ለመስከረም እኔም ገባሁ፤ ከጭልጋው ልጅ ጋር አንድ ክፍል! ለአንድ ወር አላናገርኩትም።

ከዚያ «ከመካነ ብርሃን ገብስ ተልኮልሻል» ተብዬ መናኸሪያ ስሄድ እሱም እዚያ ቆሟል። ለእሱም ተልኮለታል። የቆሙለት ልጅ ልጃቸው ነዋ፣ ይራብ እንዴ? የመኪናው ረዳት ሁለት ጆንያ አወረደ። የእሱ ከእኔው በግማሽ ይበልጣል።

እዚያው ቆሜ አባቴ ጋ ደወልኩ። «ምነው አባዬ፣ የእሱ በለጠ?»

«እሱማ ይታዘበናላ» አለኝ። «ካንቺ ጋር ምን ይሉኝታ አለን?»

ልጁ ነገሩን ሰምቷል። በኀፍረት እጅጌውን እየጎተተ ትልቁን ጆንያ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «እንቀያየር» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «ትንሹ የእኔ ነው።»